ለዓድዋና ለመቀሌ የጠረጴዛ ውጊያ ቤቶችን ከባዶ ስለ መሥራት፦ የድንጋይ ግድግዳ፣ የሣር ክዳንና ስኬል

ግራር ጥላ (አዳማ)፦ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። እኔና ጥቂት ጓደኞቼ አዳማ ውስጥ እየተገናኘን በትንንሽ የወታደር ምስሎች የታሪክ ውጊያዎችን በጠረጴዛ ላይ የምንጫወት ስንሆን፣ ለመጪው የካቲት 23 የዓድዋን ጦርነት የሚያሳይ ጠረጴዛ ለማዘጋጀት ተስማምተናል። ምስሎቹ ባለ 28 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ጠረጴዛው 180 በ120 ሴንቲ ሜትር ነው። የወታደሮቹን ቀለም ልንጨርስ ተቃርበናል፤ የቀሩን ቤቶቹ ናቸው።

ከውጭ የሚመጡት ተገጣጣሚ ቤቶች ለኪሳችን ውድ ከመሆናቸውም በላይ አብዛኞቹ የአውሮፓ መንደሮችን ስለሚመስሉ፣ ሁሉንም ራሳችን ከካርቶን፣ ከፎምና በአካባቢያችን ከምናገኘው ዕቃ ለመሥራት ወስነናል። ያሰብነው አንድ ክብ ቤተ ክርስቲያን፣ ጥቂት የገበሬ ቤቶች፣ የድንጋይ አጥርና ከተቻለ አንድ ትልቅ የድንጋይ ቤት ነው። በኢንተርኔት ላይ የሚገኙት መመሪያዎች ብዙ ቢያስተምሩም፣ የሚጠቅሷቸው ዕቃዎች እዚህ ገበያ ላይ የሉም፤ የሚያሳዩት የሣር ክዳንም የእኛን አይመስልም።

ልምድ ያላችሁ ሰዎች የቤቶቹን መጠን በምን ስሌት እንደምትወስኑ፣ የድንጋይ ግድግዳን ከምን እንደምትሠሩ፣ የሣር ክዳኑን በምን እንደምታስመስሉ፣ እንዲሁም ሥራው በተጫዋቾች እጅ በተደጋጋሚ ሲነሣና ሲቀመጥ እንዳይፈራርስ ምን እንደምታደርጉ ብታስረዱን በእጅጉ እናመሰግናለን።

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)፦ መልስ

ወንድሜ፣ ከተር ከመያዝህ በፊት እያንዳንዱ ቤት በጨዋታው ላይ ምን እንደሚያገለግል ወስን። ወታደሮች ውስጡ ገብተው የሚዋጉበት ቤት ጣሪያው የሚነሣ፣ ወለሉ ለምስሎቹ መቆሚያ የሚበቃ መሆን አለበት፤ እይታን ለመከለል ብቻ የሚቀመጥ ቤት ግን ድፍን ሆኖ ቢሠራ ይጠነክራል፣ ይቀላል፣ ሥራውም በግማሽ ይቀንሳል። ሁሉንም ቤት ውስጡ ባዶ አድርጎ መሥራት የጀማሪ ጉጉት ነው። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወይም ሦስት የሚከፈቱ ቤቶች ካሉ ይበቃሉ።

ወደ ስኬሉ ስንመጣ፣ ባለ 28 ሚሊ ሜትር የሚባለው ምስል ብዙውን ጊዜ ከእግር ጫማው እስከ ዓይኑ የሚለካ ስለሆነ ራሱንና ባርኔጣውን ሲጨምር ከ30 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ለሕንፃ ሥራ ብዙ ሰው 1 ለ56ን ይይዛል፤ በዚህ ስኬል የእውነተኛው ዓለም አንድ ሜትር በጠረጴዛው ላይ ወደ 18 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ነገር ግን ምስሉ የቆመው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ክብ መቆሚያ ላይ በመሆኑ፣ በስሌቱ ብቻ የተሠራ በር ሲታይ ለሰውየው ያጠረ ይመስላል። አንድ ሜትር ከሰማንያ የሆነ በር በስሌት 32 ሚሊ ሜትር ነው፤ እኔ ግን ከ38 እስከ 40 ሚሊ ሜትር አደርገዋለሁ። ስፋቱንም በስሌቱ ከሚገባው 16 ሚሊ ሜትር ወደ 27 ወይም 28 አሳድገዋለሁ፤ የምስሉ መቆሚያ ራሱ 25 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከዚያ የጠበበ በር ማንንም አያስገባም።

የወለሉ ጉዳይ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በር ሲያድግ ቤቱ በአጠቃላይ ማነስ አለበት። ዲያሜትሩ 15 ሜትር የሆነ ቤተ ክርስቲያን በትክክለኛው ስሌት ወደ 27 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን፣ ከጣሪያው ክፈፍ ጋር የጠረጴዛችሁን ወርድ ሩብ ይወስዳል፤ ያን ጊዜ ጦሩ የሚሰለፍበት ሜዳ ይጠፋል። ከፍታውን በስሌቱ ጠብቆ የወለሉን ስፋት ወደ ሁለት ሦስተኛ ማውረድ የተለመደ አሠራር ነው፤ ዓይን ቤትን የሚመዝነው በመጀመሪያ በበሩና በግድግዳው ቁመት ስለሆነ፣ ስፋቱ መቀነሱን የሚያስተውለው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኑን 18 ሴንቲ ሜትር፣ ክብ ጎጆውን 10 ወይም 11 ሴንቲ ሜትር አድርጉት።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። የድንጋይ ግድግዳን በ5 ሚሊ ሜትር ፎም ቦርድ (ሁለቱ ገጹ በወረቀት የተሸፈነ የፎም ሠሌዳ) ሠርታችሁ እንዳታቆሙ። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ከግማሽ ሜትር በላይ ውፍረት አለው፤ ይህም በእኛ ስኬል ከ9 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ሁለት ፎም ቦርድ ደርቦ ማጣበቅ ነው መፍትሔው። በበሩና በመስኮቱ ጥልቀት ላይ ያ ውፍረት ሲታይ ቤቱ ክብደት ያለው መስሎ ይታያል፤ ግድግዳው ከሳሳ ግን የቱንም ያህል ጥሩ ቀለም ቢቀባ የካርቶን ሳጥንነቱ አይደበቅም። ከዝርዝር ሥራዎች ሁሉ ይህን የማስቀድመው፣ ካለፈ በኋላ የማይታረም ስለሆነ ነው።

የታሪክ ክፍል (አዳማ)፦ መልስ

ከላይ የተሰጠው የመጠን ምክር ትክክለኛ ነው። እኔ ግን የምትሠሩት ቤት የዘመኑና የቦታው ስለ መሆኑ ጥቂት ልጨምር፤ ምክንያቱም የዓድዋ ጠረጴዛ ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚገባበት በወታደሮቹ ልብስ ሳይሆን በቤቶቹና በዛፎቹ ነው።

በመጀመሪያ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገው ውጊያ የከተማ ውጊያ አልነበረም። የዓድዋ ከተማ ከውጊያው ሥፍራ በስተ ምዕራብ ነው። ወደ 17,700 የሚጠጋ ሰው የነበረው የጣልያኑ የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር በአራት ብርጌድ ተከፍሎ በሌሊት ሲገሰግስ፣ የአልቤርቶኔ ብርጌድ በኪዳነ ምሕረት ኮረብታ አቀማመጥ ላይ በተፈጠረው ስሕተት ከሌሎቹ ርቆ ወደ ፊት ሄደ፤ የዳቦርሚዳ ብርጌድም ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገብቶ ከቀሩት ተነጠለ። የውጊያው ውጤት የተወሰነው በእነዚህ ኮረብቶችና ሸለቆዎች መካከል ነው። ስለዚህ ጠረጴዛችሁ በዋናነት ተራራ፣ ገደልና ሸለቆ መሆን ይገባዋል፤ ቤት ከተፈለገ በአንድ ጥግ ሦስት ወይም አራት የገበሬ ቤቶች፣ ራቅ ብሎም አንድ ቤተ ክርስቲያን ቢቀመጡ ይበቃል።

የሕንፃ ሥራ ፍላጎታችሁ ብርቱ ከሆነ፣ እኔ የምመክራችሁ ከዓድዋ በፊት በነበሩት ወራት በመቀሌ የተደረገውን የእንዳየሱስ ምሽግ ከበባ እንድትሠሩ ነው። በሻለቃ ጋሊያኖ ይመራ የነበረው የጣልያን ጦር በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ምሽግ ሠርቶ በኮረብታ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ የውኃ ምንጩ ግን ከምሽጉ ውጭ ስለነበረ፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ሲያዝ በውስጥ ያለው ጦር በጥም ተጨንቆ በጥር 1888 ዓ.ም. በስምምነት ለቅቆ ወጣ። ለጠረጴዛ ጨዋታ ከዚህ የተሻለ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል፤ ምሽጉ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ቁልቁለቱና ምንጩ እያንዳንዳቸው በጨዋታው ላይ ሥራ አላቸው፤ አንዱም ለጌጥ ብቻ የተቀመጠ አይሆንም።

ስለ ገበሬ ቤቶቹ፣ በትግራይ ደጋ የሚገኘው ህድሞ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ ሆኖ በወፍራም እንጨቶች ላይ ቀጫጭን እንጨት ተረብርቦ፣ በላዩ አፈር የተደለደለበት ነው። ጎጆ ሲባል ሁላችንም በመሀልና በደቡብ አገር የምናየው ክብ የሣር ቤት ስለሚመጣብን፣ የዓድዋን ጠረጴዛ በክብ ጎጆ ብቻ መሙላት ይቀናናል። ይልቁንም የህድሞው ብዛት መጉላት አለበት። የዶርዜን ረጅም የቀርከሃ ቤት፣ የሲዳማንም በቀርከሃ የተጠለፈ ቤት፣ ምንም ያህል ውብ ቢሆኑ፣ ለሌላ ጠረጴዛ አቆዩአቸው።

የቆርቆሮ ጣሪያም በዚያ ዘመን በዓድዋ ገጠር ሊኖር አይገባም። ለ1928ቱ ጦርነት የሚሆን ጠረጴዛ ስትሠሩ በከተማ ቤቶች ላይ ብታደርጉት ያስኬዳል። ባሕር ዛፍም እንዲሁ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥቶ በመጀመሪያ በአዲስ አበባ የተስፋፋ ዛፍ ስለሆነ፣ በ1888 የዓድዋ ኮረብታ ላይ መትከል ስሕተት ነው። ወይራ፣ ግራርና ቁልቋል ሥሩ። ቁልቋሉ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ የሆነው የአገራችን ቁልቋል ይሁን፤ ይህን ከቀጭን ሽቦና ከስቱኮ መሥራት ቀላል ነው።

ሕንፃና ቀለም (አዳማ)፦ መልስ

እኔም የአዳማ ሰው ስለሆንኩ በዕቃው በኩል ልርዳህ። ፎም ቦርድ የአርክቴክቸር ተማሪዎች ዕቃ በሚገዙባቸው የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ይገኛል፤ ቁርጥራጩን ደግሞ ከማስታወቂያ ሠሌዳ ሠሪዎች ብትጠይቅ በትንሽ ዋጋ ይሰጡሃል። የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ማሸጊያ የሆነው ነጩ ስታይሮፎም ለኮረብታ ጥሩ ነው፤ ለግድግዳ ግን አይሆንም፤ ሲቆረጥ እንክብሎቹ እየተነቀሉ ጠርዙ ይበላሻል።

ለድንጋይ ግድግዳ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የፎም ቦርዱን አንድ ገጽ ወረቀት በጥንቃቄ ልጦ፣ በተጋለጠው ፎም ላይ ቀለም በሌለው እስክሪብቶ የድንጋዩን ቅርጽ መጫን ነው። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው፣ የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶንን በጣት እየቀደዱ በኮላ አንድ በአንድ መለጠፍ ነው። የእንቁላል ካርቶን ገጽ በተፈጥሮው ሻካራ ስለሆነ ቀለም ሲያርፍበት ድንጋይ ይመስላል፤ የተቀደደው ጠርዝም ከተቆረጠው ይልቅ ያምራል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሆኖም በየትኛውም መንገድ ብትሄድ ግንበኛ እንደሚገነባው አድርግ። ትልልቆቹን ድንጋዮች በማዕዘኑ ላይ አንዱን በአንድ በኩል፣ ቀጣዩን በሌላው በኩል እያስረዘምክ አስቀምጥ፤ ከላይና ከታች ያሉት መገጣጠሚያዎች በአንድ ቀጥታ መስመር አይዋሉ፤ ከበሩና ከመስኮቱ በላይ የእንጨት ጉበን አስገባ። ግድግዳ የሚቆምበትን ሕግ ያልጠበቀ ሞዴል፣ ተመልካቹ ምክንያቱን መናገር ባይችልም እንኳ፣ የሆነ ነገር እንደ ጎደለው ይሰማዋል።

ለፍርስራሽና ለግድግዳ ሥር ድንጋይ፣ አዳማ ላይ ያለነው ሰዎች የታደልን ነን። ብሎኬት የሚያመርቱ ሰዎች የሚጠቀሙበት ፑሚስ ድንጋይ ሆኖ ሳለ ቀላል ስለሆነ፣ ሞዴሉን ሳያከብድ እውነተኛ ስብራት ይሰጣል። ደቀቅ ያለውን በሻይ ማጥለያ ነፍተህ፣ ሻካራውን በግድግዳው ሥር፣ የላመውን በመሬቱ ላይ ተጠቀምበት። በምትነፋበት ጊዜ አፍና አፍንጫህን ሸፍን፤ ብናኙ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ስለ ማጣበቂያ የምነግርህ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። በፎም ላይ ከነጩ የእንጨት ኮላ በስተቀር ሌላ አታስነካ። ጫማ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ውስጥ ያለው ሟሟ ስታይሮፎምን ይበላዋል፤ ሱፐር ግሉም እንዲሁ ነው። የሚረጭ የቆርቆሮ ቀለምም ባልተሸፈነ ፎም ላይ ከተነፋ ግድግዳውን ያቀልጠዋል። ስለዚህ ቤቱ ሲገጣጠም በመጀመሪያ ጥቁር ቡናማ የግድግዳ የውኃ ቀለም፣ ኮላና የተነፋ ደቃቅ አሸዋ አንድ ላይ ቀላቅለህ መላውን ቀባው። ይህ ድብልቅ ሦስት ጥቅም አለው፦ ፎሙን ከሟሟ ይከላከላል፣ ገጹን ያጠነክራል፣ ቀዳዳ ይደፍናል። በጭቃ የተለሰነ ግድግዳ ከፈለግህ በዚያው ድብልቅ ላይ በጣም የደቀቀ የጤፍ ጭድ ጨምርበት፤ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር የሆነ ጭድ በዚህ ስኬል እውነተኛው ጭቃ ውስጥ እንደሚታየው ጭድ ሆኖ ይታያል።

ቀለሙን ከጥቁሩ ጀምረህ ወደ ነጣው ውጣ። ሲደርቅ፣ ከብሩሹ ላይ ቀለሙን በጨርቅ ጠርገህ የቀረውን በድንጋዮቹ ጫፍ ላይ ብቻ እየዳሰስክ አሳልፍ። የቀለሙ ዓይነት ከቦታው ጋር ይሂድ። የመቀሌ አካባቢ የኖራ ድንጋይ አገር ስለሆነ የምሽጉ ግድግዳ ወደ ክሬምና ወደ ነጣ ያለ ቢጫ ያድላ፤ የዓድዋ ተራሮች ግን እሳተ ገሞራዊ ናቸውና ለዚያ ቡናማና ግራጫ ይሻላል። ለሁለቱ ጠረጴዛ አንድ ዓይነት ግራጫ ከተቀባ ሥራው ቦታ የለሽ ይሆናል።

የመጨረሻው ምክሬ ስለ መቆሚያው ነው። የአዳማን ነፋስ ታውቀዋለህ። በረንዳ ላይ ይቅርና ቤት ውስጥ ብትጫወቱም የፎም ቤት በመስኮት በገባ ነፋስ ይበራል። እያንዳንዱን ቤት በ3 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ጣውላ) ላይ አጣብቀህ፣ ከሥሩ ትልልቅ የብረት ሮንዴላዎችን (የብሎን ቀለበቶችን) ለጥፍ። ኤምዲኤፉን ከላይ ብቻ በኮላና በአሸዋ ከሸፈንከው ኮላው ሲደርቅ እየተኮማተረ ይጎትተውና ይቆለመማል፤ ከሥርም ቀለም ቀብተህ ሁለቱን ገጽ እኩል ካላበስከው ግን ቀጥ ብሎ ይቀራል። የካርቶን ግድግዳም ሕጉ ይኸው ነው።

ግራር ጥላ (አዳማ)፦

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእንዳየሱስን ሐሳብ ለጓደኞቼ አቅርቤ ሁሉም ስለ ወደዱት፣ ጠረጴዛችን የመቀሌው ከበባ እንዲሆን ተስማምተናል፤ ከኮረብታው ግርጌ ሁለት ህድሞና አንድ ክብ ቤት እንጨምራለን። ጋሼ ሐይቅ ዳር፣ የሚቀረኝን ጥያቄ ለእርስዎ ላቅርብ። የቤተ ክርስቲያኑን የሣር ክዳን በፎጣ ጨርቅ የሚሠሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ ከቅርብ ሲታይ ግን ጨርቅነቱ ይታወቃል። ሐዋሳ ላይ እርስዎ በምን ይሠሩታል? የህድሞው ጠፍጣፋ ጣሪያስ እንዲነሣ ተደርጎ ሲሠራ መክፈቻው እንዳይታወቅ ምን ይደረጋል?

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)፦ መልስ

ወንድሜ፣ ለሣር ክዳን እኔ ከቃጫ የሚበልጥ ነገር አላገኘሁም። በእኛ አካባቢ ቆጮ ሲፋቅ ከእንሰቱ የሚወጣው ቃጫ በየገበያው ይሸጣል፤ እናንተም አዳማ ላይ የገመድ ነጋዴዎች ዘንድ አታጡትም። ነጭና ንጹሕ የሆነውን ሳይሆን ገና በደንብ ያልተፋቀውን፣ ቀለሙ ያልተስተካከለውን ምረጥ፤ የሣር ክዳን አንድ ወጥ ቀለም የለውም።

በመጀመሪያ የጣሪያውን ቅርጽ ከካርቶን ታወጣለህ። የሣር ክዳን ውኃ እንዲያወርድ ቁልቁለቱ ጠንከር ማለት ስላለበት 45 ዲግሪ ጥሩ መነሻ ነው። ለ45 ዲግሪ ጣሪያ ሒሳቡ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከክፈፉ ጠርዝ እስከ ጫፉ ባለው ርዝመት ራዲየስ አንድ ክብ ትቆርጣለህ፤ ከዚያም የ105 ዲግሪ ቁራጭ አውጥተህ፣ ለማጣበቂያ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ትተህ ታጠቀልለዋለህ። ለምሳሌ ግድግዳው 11 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ክፈፉ በየጎኑ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ቢወጣ፣ የጣሪያው ስፋት 14፣ ከፍታው 7፣ የክቡ ራዲየስ ደግሞ 9.9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለቤተ ክርስቲያኑም በዚሁ መንገድ አስላው። በውስጡ ቀለበት ካርቶን አጣብቅበት፤ ቀለበቱ በግድግዳው ውስጠኛ ጠርዝ ልክ ሲሆን ጣሪያው ሲቀመጥ አይንሸራተትም።

ቃጫውን በሦስት ወይም አራት ሴንቲ ሜትር ቆርጠህ በቀጫጭን እስር ታዘጋጃለህ። አለባበሱ የእውነተኛውን ከዳኝ ሥራ መከተል አለበት፤ ከታች ከክፈፉ ይጀመራል፣ ቀጣዩ ረድፍ የፊተኛውን ከግማሽ በላይ ይሸፍናል፣ እንዲህ እያለ ወደ ጫፉ ይወጣል። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች የለበሰ ጣሪያ ዝናብ የሚያስገባ ጣሪያ ነው፤ በሞዴልም ቢሆን የረድፎቹ አደራረብ ተገልብጦ ይታያል። በካርቶኑ ላይ ያልቀጠነ ኮላ ቀብተህ እስሩን ትለጥፋለህ፤ መላው ሲያልቅ ኮላውን በእኩል ውኃ አቅጥነህ በላዩ ታፈስሳለህ፣ ገና እርጥብ ሳለም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ታበጥረዋለህ። በክረምት ሐዋሳ ላይ ይህ ሥራ በቶሎ አይደርቅም፤ ያልደረቀን ክዳን ሳጥን ውስጥ ከትቶ መዝጋት ሻጋታ ያመጣል። ከደረቀ በኋላ ክፈፉን በመቀስ እኩል አድርገህ ትከረክመዋለህ። ያን ጊዜ የክዳኑ ውፍረት ከጎን ስለሚታይ፣ ፎጣ ጨርቅ ፈጽሞ የማይሰጠውን እውነተኛነት ያገኛል።

ቀለሙን ቢጫ አታድርገው። አዲስ ክዳን ብቻ ነው ወርቃማ የሚሆነው፤ ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀበት ሣር ወደ ግራጫ ይሄዳል፤ ጭስ የሚወጣበት ጫፍ አካባቢ ደግሞ ይጠቁራል። በጣም የቀጠነ ጥቁር ቡናማ አፍስሰህ፣ ሲደርቅ በነጣ ግራጫ ደረቅ ብሩሽ አሳልፍበት። አንዱን ቤት አዲስ የተከደነ አድርገህ ሌሎቹን ብታስረጃቸው መንደሩ ሰው የሚኖርበት ይመስላል።

የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ከቀጭን የመዳብ ሽቦ ሥራ። በመስቀሉ ጫፎች ላይ የሰጎን እንቁላል ማድረግ የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ ትንንሽ ነጭ ዶቃዎችን በኮላ ብትተክል ከሩቅ የሚለይ ቤተ ክርስቲያን ይሆንልሃል። ጣሪያው ተነሥቶ ውስጡ የሚታይ ከሆነ ቅኔ ማኅሌቱን፣ ቅድስቱንና መቅደሱን የሚለዩትን ግድግዳዎች ቢያንስ በዝቅተኛ መስመር አመልክት። መቅደሱን ግን ዘግተህ ድፍን አድርገው፤ የጨዋታ ምስል እዚያ ገብቶ እንዲቆም ማድረግ ለእኔ ተገቢ ሆኖ አይታየኝም፤ ብዙ ተጫዋቾችም በዚህ ይስማማሉ ብዬ አምናለሁ።

ለህድሞው ጣሪያ፣ የግድግዳውን ጫፍ ከጣሪያው ወለል 4 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ ጣሪያውን በውስጥ እንደ ገበታ እንዲቀመጥ አድርገው። መጋጠሚያው በግድግዳው ጥላ ውስጥ ስለሚወድቅ አይታይም። ለማንሻ የተለየ እጀታ አትሥራ፤ ጣሪያው ላይ ከስቱኮ የተሠራ አንድ እንስራ ወይም የእንጨት እስር በደንብ ከተጣበቀ ለጣት መያዣ ይሆናል። ከግድግዳው ወጣ ብለው የሚታዩትን የጣሪያ እንጨቶች ከጭራሮ ቁረጣቸው፤ እኩል ርዝመት አይኑራቸው።

የታሪክ ክፍል (አዳማ)፦

የመቀሌውን ከበባ በመምረጣችሁ ደስ ብሎኛል። ጋሼ ስለ መቅደሱ የሰጡትን አስተያየት እኔም እደግፋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ምንጩን አታሳንሱት። በዚህ ጠረጴዛ ላይ የውጊያው ግብ ምሽጉን ማፍረስ ሳይሆን ውኃውን መያዝ ስለሆነ፣ ምንጩ ቢያንስ ስድስት ምስል በዙሪያው የሚቆምበት፣ ከምሽጉ ግድግዳ ላይ ሆኖ የሚታይ፣ ወደ እርሱም የሚያወርድ መንገድ ያለው ራሱን የቻለ ቁራጭ ሆኖ ይሠራ። ዙሪያውን በፑሚስ፣ ዳርቻውን በአረንጓዴ ሣር ለዩት፤ በደረቅ ኮረብታ ላይ አረንጓዴ ያለበት ቦታ ያ ብቻ ከሆነ፣ ተጫዋቹ ደንቡን ሳያነብ ወዴት መሄድ እንዳለበት ያውቃል።

ሕንፃና ቀለም (አዳማ)፦

ውኃውን በሚያንጸባርቅ ቫርኒሽ ሥራው፤ በአንድ ጊዜ ወፍራም አድርገህ ካፈሰስከው ግን ሳይደርቅ ይቀራል፣ ይሸበሸባልም። መጀመሪያ መሬቱን ጥቁር አረንጓዴና ቡናማ ቀባው፤ ከዚያ ስስ ስስ አድርገህ፣ እያንዳንዱ እስኪደርቅ እየጠበቅህ ደራርበው። የቫርኒሹ ሟሟ ፎሙን እንዳይነካ ሥሩ በኮላ ድብልቁ የታሸገ መሆኑን አስቀድመህ አረጋግጥ።

ሥራው እንዳይፈራርስ ምን እንደሚደረግም ጠይቀህ ስለነበር ስለ ማከማቸቱ ልንገርህ፤ ግድግዳና ጣሪያ ለየብቻ በካርቶን ሳጥን ቢቀመጡ ይሻላል። የቃጫው ክዳን ሌላ ዕቃ ከተጫነበት ክፈፉ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ጣሪያዎቹ ከላይ ይሁኑ። በዱቄት ሙጫ የተሠራ ነገር በሳጥኑ ውስጥ አይኑር፤ በረሮና አይጥ የሚጋብዘው እርሱ ነው፤ አንዴ ከገቡ ቃጫውንም አይተዉትም። በእያንዳንዱ ጣሪያ ውስጥና በቤቱ ወለል ሥር አንድ ዓይነት ቁጥር ጻፍባቸው፤ በእጅ የተሠራ ቀለበት ከራሱ ግድግዳ በቀር በሌላው ላይ በልኩ አይቀመጥም።